«አይሆንልሽም» የሚለኝን ሐሳብ በምን ልተካው?

ጥያቄ
የአብማዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በ2015 ዓ.ም. ወስጄ 50 በመቶ አልሞላልኝም። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር በትንሽ የእህል ሱቃችን ውስጥ እሠራለሁ፤ ከገጠር የሚመጣውን ጤፍና ዳጉሳ የምረከበውም፣ የዱቤ መዝገቡን የምይዘውም እኔ ነኝ። ሥራውን አልጠላውም፤ የምጽፍላችሁም ስለ ሥራው አይደለም።

ሱቁን ዘግተን ቤት ከገባን በኋላ፣ በተለይ ሁሉም ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ «አንቺ እንደሆነ ምንም ነገር አይሆንልሽም» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ውጤቱ በተሰማ ሰሞን አንድ ዘመዳችን ሰው በተሰበሰበበት «ለዚች ልጅ የወጣው ገንዘብ ውኃ በላው» ብሎ ነበር፤ ያ ንግግር ከነድምፁ ይመለስብኛል። ከዚያ ሌላው ይከተላል፤ አብረውኝ የተማሩት፣ የእናቴ ድካም፣ ዕድሜዬ። እስከ ሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ድረስ ስገላበጥ አድራለሁ።

ሰው ሁሉ «ተይው፣ አታስቢው» ይለኛል። ሞክሬያለሁ፤ ላስወጣው በታገልኩ ቁጥር ይብሳል። ከዚያም በስልኬ ባየሁት ምክር መሠረት ለ21 ቀን በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ጎበዝ ነኝ፤ ሁሉም ነገር ይሳካልኛል» እያልኩ ደገምኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አለኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ቃሉን በተናገርኩ ቁጥር ከውስጤ «ውሸታም» የሚል መልስ ይሰማኝ ጀመር። 21ኛው ቀን ሲደርስ መስታወቱን ማየት ራሱ አስጠልቶኝ ነበር።

አእምሮ በእውነት ይሠለጥናል ወይ? የሚሠለጥን ከሆነ እንደ እኔ ያለ ሰው ከየት ይጀምራል? 21 ቀን ይበቃል የሚባለውስ እውነት ነው? የምታውቁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ
የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ ከመስታወቱ ልጀምር፤ እዚያ ላይ የደረሰብሽ ነገር የአንቺ ድክመት እንዳልሆነ አስቀድመሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። የካናዳ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለራሳቸው ደጋግመው እንዲናገሩ ተደርጎ ነበር። ስሜታቸው በመሻሻል ፈንታ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ንግግሩ የጠቀመው ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸውን ሰዎች ነው፤ እነሱንም ቢሆን በጥቂቱ። አእምሮ ያላመነበትን ነገር ሲነግሩት የተቃውሞ ማስረጃ መሰብሰብ ይጀምራል፤ አንቺም ጎበዝነትሽን በተናገርሽ ቁጥር ያልተሳካልሽን ሁሉ እየጠራሽ ነበር ማለት ነው።

«አታስቢው» የሚለው ምክርም ከቅንነት የመጣ ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ዳንኤል ዌግነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ተሳታፊዎች ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተሰማ። ቀጥሎም «አሁን አስቡት» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። ሐሳብን የሚያባርር ሰው መሄዱን ለማረጋገጥ ዞር ብሎ ማየት ይኖርበታል፤ ዞር ባለ ቁጥር ደግሞ ያገኘዋል።

ታዲያ የቀረው መንገድ ምንድን ነው? አሮን ቤክ የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በድባቴ የታመሙ ሰዎችን ሲያክም፣ ታካሚዎቹ ጮክ ብለው ከሚነግሩት ነገር ሥር ሌላ ፈጣንና አጭር ሐሳብ እንደሚመላለስ አስተዋለ። ሳይጠራ የሚመጣ ነው፤ ባለቤቱም እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ተረጋገጠ እውነት ይቀበለዋል። ቤክ ይህን ሐሳብ ታካሚው ራሱ እንዲያስተውለው፣ እንዲጽፈውና እንዲመረምረው ማድረግ ጀመረ፤ ዛሬ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። የኛ አማርኛ «ማብሰልሰል» የሚለው ቃል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ፤ አንድን ነገር መፍትሔ ሳይወጣለት በውስጥ ማመላለስ፣ ማመላለስ፣ ማመላለስ። ጽሕፈት የሚጠቅመው ይህን ዙር ስለሚያቋርጠው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የሆነውን ነገር ብቻ፣ በቦታው የነበረ ሌላ ሰው ሊያየው በሚችለው ልክ ጻፊ። ቀጥሎ የመጣውን ሐሳብ ሳታሳምሪው ቃል በቃል አስፍሪና ምን ያህል እንደምታምኚው ከመቶ ቁጥር ስጪው። ከዚያ በኋላ እንደ ሽምግልና ሁለቱም ወገን ይናገር፤ ሐሳቡን የሚደግፈው ማስረጃ በአንድ በኩል፣ የሚቃወመው በሌላ በኩል። «ይመስለኛል»፣ «ይሰማኛል» የሚል ነገር ከማስረጃ አይቆጠርም። በመጨረሻም ሁለቱንም ወገን ያገናዘበ አዲስ ዐረፍተ ነገር ጽፈሽ የመጀመሪያውን ሐሳብ አሁን ምን ያህል እንደምታምኚው እንደገና ቁጥር ስጪ።

የአንቺን ሐሳብ ይዘን እንሞክረው። «ምንም ነገር አይሆንልሽም» የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ አለ፤ ፈተናው አልሆነልሽም። እውነት ስለሆነ ይጻፍ። በሌላው ወገን ደግሞ እንይ። በ2015 ዓ.ም. ለፈተናው ከተቀመጡት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከመቶ ተማሪ ወደ 97 የሚጠጋው ያላለፈበት ፈተና ስለ ትምህርታችን ሁኔታ ብዙ ይናገራል፤ በደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት ልጅ ምንም እንደማይሆንላት ግን ሊመሰክር አይችልም። ቀጥሎ ደግሞ ራስሽ የጻፍሽውን እወስዳለሁ፤ የዱቤ መዝገብ እይዛለሁ ብለሻል። ሒሳቡ ይገጥማል ወይ? ሱቁ በስንት ሰው ዱቤ ነው የሚንቀሳቀሰው? ይህን እኔ ስለማላውቀው አንቺ ጻፊው።

አዲሱ ዐረፍተ ነገር ምናልባት እንዲህ ይሆናል፦ «በ2015 ዓ.ም. ፈተና አልተሳካልኝም፤ አዝኛለሁም። አብዛኛው ተፈታኝም አልተሳካለትም። ከዚያ ወዲህ በእጄ የገባውን ሥራ በአግባቡ እየሠራሁ ነው።» ይህ «ጎበዝ ነኝ» እንደሚለው አይጣፍጥም፤ ይሁን እንጂ ከውስጥሽ «ውሸታም» የሚለው ድምፅ የሚይዘው ነገር አያገኝበትም። ብዙ ሰው ክፉ ሐሳብን በበጎ ሐሳብ መተካት ሲባል መራራውን ነገር በጣፋጭ መሸፈን ይመስለዋል። በእኔ ልምድ ሥር የሚሰደው ምትክ ከቀድሞው ሐሳብ ይልቅ ለእውነት የቀረበው ነው፤ የመጽናናቱ ስሜት የሚመጣው ኋላ፣ ሳይጠሩት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ይህን ጽሕፈት ሌሊት በመኝታ ላይ አታድርጊው። በየቀኑ የታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ ሱቁን ከመዝጋታችሁ በፊት 11 ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ስጪው። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ አትከራከሪው፣ አታባርሪውም፤ «ነገ በ11 ሰዓት ቀጠሮ አለን» በዪው። መጀመሪያ ላይ ቀጠሮውን አያከብርም፤ እየለመደ ይሄዳል።

መልስ
የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ቡሬ

ባለሙያው የተናገሩትን ሳነብ በዋሸራ የቅኔ ትምህርት ቤት ያሳለፍኩት ዘመን ትዝ አለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ስለማውቀው ብቻ እናገራለሁ።

የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ጀማሪ ሲሆን ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት መስመር ናት፤ ነገር ግን ጀማሪን ቀኑን ሙሉ ታስቀምጣለች። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራታል፤ መምህሩም ያርማሉ። የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃናዬን የነገርኩ ማታ መምህሬ ገና ሳልጨርሳት አስቆሙኝ። ቤቷ አልመታም፣ ሰሙና ወርቁ አልተገናኘም። ብዙ ተማሪ ባለበት ነበር። ወደ ጎጆዬ ገብቼ ደበሎዬን ተከናንቤ «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» እያልኩ አደርኩ፤ ጠዋት ወደ አገሬ ልመለስ አኩፋዳዬን አነሣሁ።

የመለሰኝ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የቆየ ተማሪ ነው። መንገድ ላይ አገኘኝና የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «መምህራችን ምን አሉህ?» አለኝ። ቤቷ አልመታም እንዳሉኝ ነገርኩት። «‘አንተ አትረባም’ አሉህ?» አለኝ። አላሉኝም። ያንን ያልኩት እኔው፣ ሌሊት፣ ደበሎ ውስጥ ሆኜ ነበር። አኩፋዳዬን ተቀብሎኝ ወደ ጎጆው መለሰው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልማድ አደረግሁ። ሌሊት ብቻዬን ስሆን የሚመጣብኝን ሐሳብ ገና መምህር ፊት እንዳልቀረበ ቅኔ እቆጥረዋለሁ። ጥሬ ነው፤ ቢያምርም ባያምርም እርማት አልነካውም። ጠዋት ለማምነው ሰው እነግረዋለሁ፤ ለባለቤቴ፣ አንዳንዴም ለንስሐ አባቴ። ሲነገር ብዙ ጊዜ ቤት እንደማይመታ ራሴው እሰማዋለሁ። ደግሞም ቅኔ አንድ ጊዜ ከቀረበ በማግሥቱ ያው አይደገምም፤ ተማሪው አዲስ ይቆጥራል። የሚያብሰለስለኝን ሐሳብ ልብ ብዬ ሳየው ግን ከዓመት በፊት የነበረው ያው ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተለወጠችበትም። እኅቴ፣ የዘመድሽ ንግግር ስንት ጊዜ ተደገመብሽ? እሱ የተናገረው አንድ ቀን ነበር።

መልስ
መምህርት፣ ሞጣ

ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ የቀረ የመሰለኝን ግን ልናገር። ክፉ ሐሳብ ሁሉ የተሳሳተ ሐሳብ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሲከርም አይተናል። ልጇ ከቤት ወጥቶ ወሬው የጠፋባትን እናት «በጎ በጎውን አስቢ» ማለት ኀዘኗን እንደ ጥፋት መቁጠር ነው። እሷ ማስረጃ ብትጽፍ የሚሞላው የስጋቱ ወገን ነው።

እኔም በዚህ ውስጥ አልፌያለሁ። ልጄ ሌላ ከተማ እያለ ለ11 ቀን ድምፁን ሳልሰማ ቀርቻለሁ። በዚያን ጊዜ የረዳኝ «ይህ ሐሳብ እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አልነበረም። የረዳኝ «እውነት ከሆነ ዛሬ በእጄ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። በእጄ የነበረው ጥቂት ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ መንገደኛ ካለ መጠየቅ፣ ለትንሿ ልጄ ምሳ መሥራት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት። ቡናው ላይ አንዲት ጎረቤቴ የፈራችውን ነገር በግልጽ ተናገረች፤ ከዚያ እኔም ተናገርኩ፤ ሦስተኛው እስኪወርድ ሁላችንም ተናግረን ነበር። ስጋቱ አልቀነሰም። ያን ዕለት ሌሊት ግን ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ በወረቀትሽ ላይ የምትጽፊው ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘ አትደንግጪ፤ ዘዴው ወድቋል ማለትም አይደለም። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ተሻገሪ።

መልስ
የአብማዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአምስት ቀን ሞክሬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። «ምንም ነገር አይሆንልሽም» የሚለውን ጽፌ ከመቶ 90 ሰጠሁት። የሚደግፈውን ወገን ወዲያው ሞላሁ፤ በሌላው ወገን ግን ቁጥሮቹን ከእርስዎ ጽሑፍ ከገለበጥኩ በኋላ እጄ ቆመ። ከዚያ ስለ መዝገቡ የጠየቁኝ ትዝ አለኝና አወጣሁት። ባለፈው ወር 41 ባለዱቤዎች ነበሩን። ሒሳባቸውን አንድ በአንድ ስደምር ሱቁ እስኪጨልም ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ 20 ብር አጉድዬ ጽፌ ነበር፤ እሱንም በማግሥቱ ራሴው አግኝቼ በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ያቺን ቀይ እርማት ለረጅም ጊዜ አየኋት። ስሳሳት ራሴ አግኝቼ እንደማርም ጽፎ ያስቀመጠልኝ የገዛ እጄ ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ቁጥሩን 60 አደረግሁት። ዝቅ ላደርገው ብፈልግም ውሸት እንዳይሆን ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሌሊት ሐሳቡ እንደ ድሮው መጣ፤ ቀጠሮም አልሰማም። ጠዋት የቀድሞው የቅኔ ተማሪ እንዳሉት ለእናቴ ነገርኳት፤ የዘመዳችንን ንግግር ጭምር። እናቴ ያንን ንግግር ከነጭራሹ አታስታውሰውም። እኔ በየሌሊቱ የሰማሁትን እሷ አንድም ቀን አስባው እንደማታውቅ ስትነግረኝ አለቀስኩ።

የ21 ቀኑ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰልኝም። ስንት ጊዜ ነው በዚህ መቀጠል ያለብኝ?

መልስ
የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ዘግይቼ ስለ መለስኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። 60 ብለሽ መተውሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ወደ ዜሮ ለማውረድ የሚጣደፍ ሰው ተመልሶ ወደ መስታወቱ ይሄዳል።

የ21 ቀኑ ነገር የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ታካሚዎቹ የተለወጠ መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን እንደሚፈጅባቸው ጻፈ፤ «ቢያንስ» የሚለው ከጊዜ ብዛት ወደቀና ቁጥሩ ብቻውን ዓለምን ዞረ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራውና በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ፣ አዲስ የዕለት ተግባር ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገምቷል። በሰው በሰው ሲታይ ልዩነቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር፤ አንድ ቀን ማስታጎልም ሂደቱን አላበላሸውም። ጥናቱ የለካው እንደ ውኃ መጠጣትና ስፖርት መሥራት ያሉ ተግባራትን ስለሆነ በቀጥታ ለሐሳብ አልጠቅሰውም፤ ለአንቺ የሚጠቅመው የሦስተኛው ሌሊት መመለስ ሥራሽን እንደማያፈርሰው ለማሳየት ነው። ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ሞክሪና ወረቀቶቹን አስቀምጪ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የሐዘን ስሜቱ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየቆየ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከቀነሰ፣ ሥራ መሥራት ካቃተሽ በወረቀት ብቻ አትታገዪው። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም በሪፈራል ሆስፒታሎቹ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ሞትን የሚያስመኝ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለእናትሽ ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።

መልስ
መምህርት፣ ሞጣ

ይህን አሠራር ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ብሞክረው ጉዳት ይኖረው ይሆን? ብዙዎቹ ፈተናው ሳይደርስ ወድቀናል ብለው ተቀምጠዋል።

መልስ
የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

እመቤቴ፣ በክፍል ውስጥ የራሳቸውን ሐሳብ ጽፈው እንዲያነቡ ባያደርጉ ይሻላል፤ ያፍራሉ፣ ለመሳለቅም በር ይከፍታል። ስሙ ስላልተጠቀሰ አንድ ተማሪ ታሪክ ይንገሯቸውና ማስረጃውን በሁለት ወገን በሰሌዳ ላይ አብረው ይሙሉት። የራሱን መጻፍ የፈለገ ቤቱ ይጻፍ፤ ለማንም እንዲያሳይ አይጠየቅ። ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት ቢጀምሩ መልካም ነው። የአብማዋ እኅታችን ከፈቀደች ደግሞ የቀይ እስክሪብቶውን ታሪክ ለመነሻ ይጠቀሙበት።

መልስ
የአብማዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ፈቅጃለሁ። ስሜ ብቻ አይነገር። ባለዱቤዎቹ 41 እንደነበሩና ጉድለቱ 20 ብር እንደነበረ ግን በትክክል ይንገሯቸው።